«አመሏ ነው» ብለው ሳይተዉት፦ ቦርደርላይንን ማወቅና ማከም

የ24 ዓመት ልጅ ናት እንበል፤ መገናኛ አካባቢ ልብስ ቤት ትሠራለች። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ለእጮኛዋ «ደረስክ?» ብላ በቴሌግራም ጻፈችለት። ዝም። ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። 1 ከሩብ ሲል «ከማን ጋር ነህ?» ብላ ጻፈች፤ 1 ተኩል ላይ «ድሮም አትወደኝም ነበር»፤ ለ2 ሩብ ጉዳይ «ያለ አንተ መኖር አልችልም»፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ዓይንህን እንዳላየው» ብላ ብሎክ አደረገችው። ልጁ ባትሪ አልቆበት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበር። ጠዋት መልእክቶቿን አንድ በአንድ ስታነባቸው መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። የጻፈችው ሌላ ሰው ይመስላታል፤ ጣቶቹ ግን የእሷ ናቸው።

ቤተሰቧ ለዚህ ነገር ስም አውጥቶለታል። እናት «ከልጅነቷም ሆደ ባሻ ናት» ይላሉ። ወንድሟ «ቅብጠት ነው» ይላል። አክስቷ ደግሞ «ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ውሰዷት» ባይ ናቸው። በጥቅሉ አመል ነው። አመል ደግሞ በእኛ ቤት ወይ ይቻላል ወይ ይገሠጻል እንጂ ሐኪም ቤት አይወሰድም። እኔ የምለው ይህ ነው፦ አመል ከምንለው አንዳንዱ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው፤ ሕክምናውም በአብዛኛው ክኒን ሳይሆን ልምምድ ነው። ልምምዱ ቅደም ተከተል አለው። «ሞክሬው አልሆነልኝም» የሚሉ ብዙ ሰዎች ያጠፉት ቅደም ተከተሉን ነው፤ ቤቱ እየነደደ ስለ ጣሪያው ቀለም የመነጋገር ያህል።

ከዚህ በታች ያለው ራስዎን ለጠረጠሩ ለእርስዎ ነው። ቤትዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለም ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍል በተለይ ለእርስዎ ተጽፏል።

በመጀመሪያ ምን እንደሆነ ይለዩ

ሐኪሞች ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር ይሉታል፤ የስብዕና መታወክ ከሚባሉት ችግሮች አንዱ ነው። ቦርደርላይን ማለት ድንበር ላይ ያለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 አዶልፍ ስተርን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም፣ ጭንቀት ብቻ ነው እንዳይላቸው የባሰባቸው፣ ከእውነታ ተለይተዋል እንዳይላቸው ደግሞ አእምሯቸው በቦታው ያለ ታካሚዎች ሲገጥሙት በሁለቱ ድንበር ላይ ያሉ ናቸው አለ። የድንበሩ ሐሳብ ከቀረ ቆይቷል፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥም ገባ። መጥፎ ስም ነው። «ስሜት የማይበርድበት ሕመም» ቢባል ለታካሚውም ለቤተሰቡም የበለጠ በገባው ነበር።

መመሪያው ዘጠኝ ምልክቶች አሉት፤ ሕመሙ አለ ለማለት ቢያንስ አምስቱ ሊኖሩ ይገባል። በዚያች ምሽት ላይ አስቀምጠን እንያቸው። ስልክ ሲዘጋ «ተጣልሁ» ብሎ መደንገጥና ላለመጣል ማንኛውንም ነገር ማድረግ አንዱ ነው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰውን ከመልአክነት ወደ ሰይጣንነት ማውረድ ሌላው ነው። ስሜቱ በሰዓታት ውስጥ ይገለባበጣል፤ ቁጣው ከጉዳዩ ይበልጣል፤ በኋላም ለማብረድ ይቸግራል። ነገሩ ሲከር አንዳንዶቹ ሰው ሁሉ የዶለተባቸው ይመስላቸዋል፤ ወይም ራሳቸውን ከጣሪያ ላይ ሆነው እንደሚያዩ ያህል ከሰውነታቸው ይርቃሉ። ከዚያ ምሽት ውጭ ደግሞ የሚከተሉት አሉ፦ ደመወዝን በሁለት ቀን መጨረስ፣ ያለ ልክ መጠጣት፣ ሳያስቡ ከሰው ጋር መተኛትን የመሰለ ጥድፊያ፤ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ አልመለስ ብሎ በየስድስት ወሩ ሥራውን፣ ጓደኛውን፣ የሕይወት ዕቅዱን መለወጥ፤ ራስን መጉዳት ወይም ስለ ሞት ደጋግሞ መናገር። ዘጠነኛው ባዶነት ነው። ከውጭ ስለማይታይ ሰው አያምነውም። ሰርግ ላይ ናቸው፣ እስክስታ እየወረዱ ነው፣ ይስቃሉ፤ ውስጣቸው ግን ክረምት አጋማሽ ላይ እንዳለ ጎተራ ነው።

እዚህ ላይ ይቆዩ። ይህን ዝርዝር ይዘው የባለቤትዎን ወይም የአለቃዎን አመል ለመመዘን እንዳይነሡ። በፍቅር ያበደ የ19 ዓመት ልጅ ለአንድ ወር ሦስቱን ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ሕመም የሚባለው ከጉርምስና ወይም ከወጣትነት ጀምሮ ለዓመታት የቆየና ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከእናትም፣ ከሥራ ባልደረባም፣ ከፍቅረኛም ጋር የሚደጋገም ሲሆን ነው።

ከሌላ ሕመም ጋርም ይምታታል፤ ይበልጥ የሚምታታው ከባይፖላር ጋር ነው። ባይፖላር ላይ የስሜቱ ከፍታ ለቀናትና ለሳምንታት ይቆያል፤ ሰውየው ሳይተኛ እንኳ ድካም የለውም፤ ማንም ምንም ሳያደርገው ሊነሣበት ይችላል። ቦርደርላይን ላይ ግን ስሜቱ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ይገለበጣል፤ ከኋላው ብዙ ጊዜ አንድ ሰውና አንድ ነገር አለ፦ ያልተመለሰ መልእክት፣ ፊት የነሣ ጓደኛ። በእኛ አገር ሁኔታ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ጫት አለ? ከሰዓት ምርቃና፣ ማታ ጨብሲ፣ በማግስቱ ድብርትና ብስጭት ያለበት ሰው የራሱ ስሜት የቱ እንደሆነ ማንም ሊለይለት አይችልም። ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ሊወቅስዎ ሳይሆን ሊለይልዎ ነው።

ከየት መጣ?

«ማን አጠፋ?» ብለው እንዳይጠይቁት። በዘር የሚወርድ ድርሻ አለው፤ ቆዳው ስስ ሆኖ የሚወለድ ሕፃን አለ። በልጅነት መደብደብ፣ መደፈር ወይም ያለ ወላጅ ማደግ በብዙ ታካሚዎች ታሪክ ውስጥ ይገኛል፤ በሁሉም ግን አይደለም። የሁለቱ መገናኘት ነው ነገሩን የሚያከርረው፦ ስሜቱ ቶሎ የሚነካ ልጅ፣ ስሜቱን የሚያስተባብል ቤት። «ምን ያስለቅስሃል? ዝም በል! ወንድ ልጅ አያለቅስም!» የተባለ ልጅ ሁለት ነገር ይማራል። የሚሰማው ነገር ሐሰት እንደሆነ፣ ደግሞም ካልጮኸ የሚሰማው እንደሌለ። ወላጆቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ እነሱም ያደጉት እንደዚያው ነው።

ከሁሉ በፊት ሕይወት

የሕክምናው የመጀመሪያ ሥራ በሕይወት መቆየት ነው። ይህ ሕመም ሰው ይገድላል። «ለማስፈራራት ነው» የሚባለው ንግግር ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ሰው ለማስፈራራት ብሎ ጀምሮም ይሞታል።

ቤተሰብ ከሆኑ በቀጥታ ይጠይቁ፦ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ? ዛሬስ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ይልቁንም ብዙዎች ሲጠየቁ ይተነፍሳሉ። በቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ይቆለፍ፤ ቁልፉ አንድ ሰው ጋር ይሁን። የከፋው ጊዜ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያ ጊዜ እጅ አጠገብ ነገር አለመኖሩ ነፍስ ያድናል።

ታካሚው እርስዎ ከሆኑ፣ ደህና ባሉበት ቀን ከደብተር አንድ ገጽ ገንጥለው ይጻፉ። ሊነሣብኝ ሲል የማውቀው በምንድን ነው? (እጄ ይቀዘቅዛል፤ ደጋግሜ እደውላለሁ።) ብቻዬን ምን አደርጋለሁ? ማን ቤት እሄዳለሁ? ለማን እውነቱን እነግራለሁ? ሐኪሜን እንዴት አገኛለሁ? ስልክ ቁጥሮቹን በወረቀቱ ላይ ይጻፏቸው፤ በዚያ ሰዓት ስልክ ውስጥ ስም መፈለግ ከባድ ነው። አንዱን ቅጂ ለሚያምኑት ሰው ይስጡ። ቁርጥ ያለ አደጋ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ ላሉ 988 ሌት ተቀን ይሠራል።

ባለሙያ ማግኘት፣ የሚጠየቀውንም ማወቅ

አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን የማያውቅ የለም፤ ስሙን ፈርቶ የማይሄደው ግን ብዙ ነው። እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ወደዚያ ገብቶ የወጣን ሰው ጥርሱን ይታከም ጆሮውን ማንም አያውቅም። ከከተማ ውጭ ከሆኑ ከጤና ጣቢያው ይጀምሩና ሪፈር ያስጽፉ።

ሲገቡ «ይጨንቀኛል» ብቻ ብለው እንዳይወጡ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የድብርት መድኃኒት ተጽፎልዎ ይመለሳሉ። ከቀጠሮው በፊት ላለው ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ። በየቀኑ ሁለት መስመር ይበቃል፦ ምን ተፈጠረ፣ ምን ተሰማኝ፣ ከ10 ስንት፣ ምን አደረግሁ። ያንን ለሐኪሙ ያንብቡለት። ከዚያም ይጠይቁ፦ «ከእንደዚህ ዓይነት ችግር ጋር ሠርተው ያውቃሉ? በሳምንት ስንት ጊዜ እንገናኛለን? በመካከሉ ቢብስብኝ ምን ላድርግ? መሻሌን በምን እናውቃለን?» ጥያቄው የሚያስቆጣው ባለሙያ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ለዚህ ሕመም በብዛት የተጠናው ሕክምና ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ፣ በአጭሩ ዲቢቲ ነው። ያመነጨችው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ ማርሻ ሊንሃን ናት፤ የመጀመሪያውን የሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1991 አወጣች። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ታማ ታውቅ እንደሆነ ይጠይቋት ለነበሩት መለሰች፦ እሷ ራሷ በ1961 በ17 ዓመቷ ሆስፒታል ገብታ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየች፣ ራሷን ትጎዳ የነበረች፣ ስኪዞፍሬኒያ ነው ተብላ የተሳሳተ ስም የተሰጣት ታካሚ ነበረች። ይህን የተናገረችው እዚያው ታክማ በነበረችበት ሆስፒታል ቆማ ነው። ዲቢቲ በሳምንት አንድ ጊዜ ለብቻ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በቡድን ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ይሰጣል፤ በቡድኑ የሚሰጠው እንደ ክፍል ትምህርት ነው፤ የቤት ሥራም አለው። ለንደን ላይ ፒተር ፎናጊና አንቶኒ ቤትማን ያበጁት ሌላ ሕክምና ደግሞ የራስንና የሌላውን ሰው ልብ ማንበብን ያስተምራል።

«ይህ ሁሉ እኛ ጋ የት አለ?» ይሉኛል። ሙሉው ቡድን፣ ሙሉው ሥልጠና በቀላሉ አይገኝም። ግን ቶሮንቶ ላይ 180 ታካሚዎችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ። ግማሾቹ ዲቢቲ አገኙ፤ ግማሾቹ ደግሞ ስለ ሕመሙ በሚያውቅ ሐኪም ዘንድ በሳምንት አንድ ጊዜ ሥርዓት ያለው መደበኛ ክትትል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለቱም ወገን በእጅጉ ተሻለው፤ ይህ ነው የሚባል ልዩነትም አልተገኘም። ስለዚህ ትልቁን ስም አያሳድዱ። ሕመሙን የሚያውቅ፣ የማይሰለችዎ፣ ቀጠሮ የሚያከብር አንድ ባለሙያ ካገኙ እሱን ይያዙ።

ስለ ጠበል አንድ ቃል። መጠመቅና መታከም የሚጣሉት እኛ ስናጣላቸው ነው። ይጠመቁ፤ መድኃኒቱንና ቀጠሮውን ግን አያቋርጡ። ጾም ላይ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ሆድ ባዶ፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ስሜቱን ሊገዛ አይችልም። ታምሜ ነው ብለው ለንስሐ አባትዎ ቢነግሩ ለታመመ ሰው ሥርዓት አለው።

ባሕር ማዶ ላሉም አንድ ነገር፦ አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። የ12 ዓመት ልጅዎ ስለ እናቱ ሞትን መመኘት እንዲያስተረጉም አያስገድዱት።

የነደደው ሰዓት

ወደዚያች ምሽት እንመለስ፤ ሰዓቱ 1 ከሩብ ነው። ስሜቱ ከ10 ላይ 9 ሲደርስ አእምሮ ምክር አይቀበልም። ስለዚህ ከአካል ይጀምሩ።

ፊትን የሚያስገባ ሳህን በቀዝቃዛ ውኃ ይሙሉ። ትንፋሽዎን ይያዙና ጎንበስ ብለው ከግንባርዎ እስከ ጉንጭዎ ለ30 ሰከንድ ያህል ይንከሩት። ይውጡ፣ ይተንፍሱ፣ ይድገሙት። ፊት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሰውነት በራሱ የልብ ምትን ዝግ ያደርገዋል፤ ዋናተኞች ላይ የሚታየው ነገር ነው። በረዶ ከሌለ ግድ የለም፤ አዲስ አበባ ላይ ሌሊት በረንዳ ያደረ የጀሪካን ውኃ ይበቃል፤ ውኃ በፈረቃ መምጣቱ አንድ ጊዜ እንኳ ጠቀመን። የልብ ሕመም ያለብዎት ወይም ምግብ መብላት ያቆሙ ከሆነ ግን ይህን ሳይሞክሩ ሐኪም ይጠይቁ።

ኮንዶሚኒየም ከሆኑ ደረጃውን እስከ አራተኛ ፎቅ ቶሎ ቶሎ ወጥተው ይውረዱ። ከዚያ ቁጭ ብለው ይተንፍሱ፦ ሲስቡ እስከ 4፣ ሲያወጡ እስከ 6 ይቁጠሩ። ማውጣቱ ከመሳቡ ይርዘም፤ ጉዳዩ እሱ ነው። አምስት ደቂቃ።

ይህ ሕመሙን አያድንም። ከ9 ወደ 6 ያወርደዋል። ከ6 ላይ ማሰብ ይቻላል።

አሁን ደብተሩን ያውጡና መሃሉን ያስምሩበት። በግራ የሆነውን፣ በቀኝ የገመቱትን ይጻፉ። በግራ፦ «ስልኩ ዝግ ነው። 15 ደቂቃ ሆነው።» በቀኝ፦ «ጠልቶኛል። ሌላ ሴት ጋር ነው።» ስሜቱ እውነት ነው፤ ድንጋጤው የምር ድንጋጤ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ግን ገና አልታወቀም። ይህን ልዩነት መያዝ ቀላል መስሎ የሚታየው ላልሞከረው ነው።

ጣትዎ ካላረፈልዎ መልእክቱን ይጻፉት፤ ግን ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ወደሚያስቀምጡበት፣ ሴቭድ ሜሴጅ ወደሚባለው ቦታ ይላኩት። እዚያ የፈለጉትን ይስደቡት። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲያነቡት መላክ ካሰኘዎ ያኔ ይላኩት።

ራስዎን ወደመጉዳት የሚገፋዎት ከሆነ ግን ደብተሩ ይቆይ፤ ወረቀቱን አውጥተው የመጀመሪያውን ስልክ ቁጥር ይደውሉ።

በማግስቱ መናገር

እኛ በቅኔ አድገናል። የከፋን ሰው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ ሌላው ፈትቶ እንዲያገኘው ይጠብቃል። ኩርፊያ ለደህና ሰው ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ሕመም ግን መርዝ ነው፤ በዝምታው ውስጥ ቀኝ በኩል ያለው ገጽ ይሞላል። «እሱ ራሱ አይገባውም እንዴ?» አይገባውም። ይንገሩት።

አጭር ይሁን። የሆነውን፣ የተሰማዎትን፣ የሚፈልጉትን፦ «ማታ ስልክህ ሲዘጋ በጣም ደነገጥሁ። ጥለኸኝ የሄድክ መሰለኝ፤ የጻፍኩት ከዚያ ነው፤ አጥፍቻለሁ። ባትሪህ ሊያልቅ ሲል አንድ ቃል ጻፍልኝ።» የሦስት ዓመት ቂም ከዚህ ጋር አይጨመርም። እሱ ርዕሱን ሊቀይር ቢሞክር ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይድገሙለት።

ስለ ክኒን

ለቦርደርላይን ተብሎ በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የጸደቀ መድኃኒት የለም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለዚህ ሕመም ብቻ ተብሎ መድኃኒት እንዳይሰጥ ይመክራል። አብሮት ያለ ድብርት ወይም የእንቅልፍ ማጣት ካለ ግን ሊታዘዝ ይችላል፤ ያኔ «ለምኑ ነው? እስከ መቼ?» ብለው ይጠይቁ። እንደ ዲያዜፓም ያለ ማረጋጊያ ሱስ ያስይዛል፤ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ይባስ ልጓም ያስፈታዋል። ከጎረቤት ተበድረው አይውሰዱ። የታዘዘውንም በራስዎ አያቁሙ።

በቤት ላሉ

እናቲቱ ናቸው እንበል። ልጅቷ በ1 ተኩል ከክፍሏ እያለቀሰች ወጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ለዚህ ነው የምታለቅሺው? ሰው ስንት ችግር አለበት!»

ሐቅ ነው፤ ሰው ስንት ችግር አለበት። ግን ልጅቷ የሰማችው «የሚሰማሽ ሐሰት ነው» የሚል ነው፤ ስለዚህ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። በሌላ በኩል እንዲህ ቢሉስ?

«ነይ እስቲ አጠገቤ። ስልኩ ሲዘጋብሽ ጥሎኝ ሄደ ብለሽ ደነገጥሽ፣ አይደል?»

«አዎ እማዬ።»

«ያስደነግጣል እኮ። በይ ፊትሽን ተለቅለቂ፣ ሻይ ላፍላልሽ። ከዚያ እናወራለን።»

«ልክ ነሽ፣ ጥሎሻል» አላሉም። ድንጋጤዋን አመኑላት፣ ግምቷን ግን አላጸደቁም። ምክሩም ከሻዩ በኋላ ነው የሚመጣው። በዚህ ቅደም ተከተል መናገር ሥልጠና ይፈልጋል፤ እኔ ራሴ ምክሬ ከአፌ ቀድሞ የሚወጣ ሰው ነኝና የምለውን አውቃለሁ።

እሺ ማለት ሁሉን መፍቀድ አይደለም። ስድብ ሲመጣ «አሁን እየተሰዳደብን ማውራት አንችልም፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ» ይበሉ፤ ከዚያ በግማሽ ሰዓቱ ይመለሱ። መመለሱ ዋናው ነው፤ ካልተመለሱ ፍርሃቷን እውነት አደረጉት። በቁጣ ሰዓት «ውጪ ከቤቴ» አይበሉ። እሳቱ ሳይበርድ ሽማግሌ አይጥሩ፤ አምስት ትልልቅ ሰዎች በተቀመጡበት ፊት ስለ አመሏ የምትጠየቅ ልጅ ትሰበራለች እንጂ አትታረምም።

«ትዳር ያረጋጋታል» የሚለው ምክር ደግሞ ከሁሉ የምፈራው ነው። ሕመሙ የሚነሣው ቅርብ ሰው ላይ ነው፤ ከባል የቀረበ ማን አለ? ልጅ ሲጨመር ደግሞ ሁለት ያልተኛ ሰው ይሆናል። ይቆይ። ወንድ ልጅ ሲሆንም ያው ነው፤ እሱን «ግልፍተኛ» ብለን ወይ ለመጠጥ ወይ ለእስር ስለምንተወው ነው ሕመሙ የሴት ብቻ የመሰለን።

እርስዎም ይደክማሉ። ሌሊቱን በየተራ ይጠብቁ፤ ለእርስዎም የሚያወራዎት አንድ ሰው ይኑር።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ከሚያስቡት ይረዝማል፤ ከሚፈሩት ያጥራል። በቦስተን አቅራቢያ ባለው ማክሊን ሆስፒታል ሜሪ ዛናሪኒ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ 290 ታካሚዎችን በየሁለት ዓመቱ ስትከታተል ቆየች። በ10 ዓመት ውስጥ 93 ከመቶዎቹ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሕመሙ መስፈርት የማይገኝባቸው ሆኑ። ሁሉ ነገር ተስተካከለላቸው ማለት አይደለም፤ ምልክቱ ጠፍቶ ሥራውም ጓደኝነቱም የተሟላለት ግማሹ ብቻ ነው። በአብዛኛው ቀድሞ የሚለቀው ራስን መጉዳቱና ጥድፊያው ነው፤ ባዶነቱና የመጣል ፍርሃቱ ዘግየት ይላሉ። ስለዚህ በስድስተኛው ወር «አሁንም ባዶ ነኝ» ብለው ሕክምናውን አያቋርጡ። የሚቆጠረው ሌላ ነገር ነው፦ በዚህ ወር ስንት መልእክት ሳይላክ ቀረ? ከ9 ወደ 6 ለመውረድ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ከሥራ ስንት ቀን ቀሩ?

ለዚያ ነው ደብተሩ። መገናኛ የምትሠራው ልጅ ደብተር ቢኖራት፣ በስምንተኛው ወር አንድ ገጹ እንዲህ ይሆናል፦

«ረቡዕ። 1፡20፣ ስልኩ ዝግ። 8። ውኃ ሁለት ጊዜ፣ ደረጃ አንድ ጊዜ። 1፡45፣ 5። ሰባት መልእክት ለራሴ ላክሁ፣ ለእሱ አንድ፦ ስትደርስ ደውልልኝ። እማዬ ጋ ሻይ። 2፡30 ደወለ። ተቆጥቼ ነበር፣ ነገርኩት። ሐሙስ 3 ሰዓት ቀጠሮ።»